ሁሉን የሰማችው ልጅ

ባለፈው ሰሞን በቤተሰባችን የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንድ አጭር ቪዲዮ ተላከ። አንዲት ሴት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ እስክሪብቶ በግራ እግሯ ጣቶች መካከል ይዛ ትጽፋለች። ከሥሩ የሰፈረው የተለመደው ነው፦ «ሙሉ አካል ተሰጥቶን ለምናማርር ሁሉ፤ ተመስገን እንበል!» አንዷ አክስቴ አሜን አለች። ሌላዋ «እኛ ምን ጎደለን» ብላ ጻፈች። የቀሩት የተጋጠሙ እጆችን ምስል ደረደሩ። በሩብ ሰዓት ውስጥ ሁሉም አመስግኖ ጨረሰ። የሴትዮዋን ስም የጠየቀ አልነበረም። ወረቀቱ ላይ ምን እየጻፈች እንደሆነ የጠየቀማ ጭራሽ የለም።

ስሟ ጃማክ ኩማሪ ጊሚሬ ነው። ኔፓላዊት ደራሲ ናት፤ ገጣሚ፣ የጋዜጣ ዓምደኛ፣ በአገሯ ከሁሉ የላቀ የሚባለውን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት የወሰደች ሰው። የጻፈችው ደግሞ ምስጋና አይደለም፤ ክስ ነው። ይህን ለአክስቶቼ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። «አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ታጣምማለህ» ተባልኩ።

ጃማክ የተወለደችው እ.ኤ.አ. በ1980 በምሥራቅ ኔፓል፣ በተራራማው የዳንኩታ አውራጃ ነው። በ1981 የአገሪቱ የሕዝብ ቆጠራ ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ሴቶች ከመቶ 12 ያህል ብቻ ነበሩ። ሙሉ ጤነኛ ሆና ብትወለድ እንኳ ከአሥራ ሁለቱ አንዷ ለመሆን ዕድሏ ጠባብ ነበር። እሷ ግን ሴሬብራል ፓልሲ ይዟት ተወለደች። ይህ ሕፃኑ ከመወለዱ በፊት፣ በወሊድ ጊዜ ወይም ገና ጨቅላ ሳለ አንጎሉ ላይ በሚደርስ ጉዳት የሚመጣ፣ የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚያውክ ችግር ነው። ማሰብን የግድ አይነካም፤ የእሷንም አልነካም። እጆቿ ግን አይታዘዟትም። አንደበቷም አይፈታም። የታዘዘላት ግራ እግሯ ብቻ ነው።

አብዛኛው ስለ እሷ የተጻፈ ነገር እዚህ ላይ ይደርስና «ነገር ግን ተስፋ ሳትቆርጥ» ብሎ ወደ ሽልማቱ ይዘላል። እኔ እዚሁ መቆየት እፈልጋለሁ፤ መጽሐፏ የሚገኘው እዚህ ነውና።

ራበኝ ለማለት አንደበት የለም። ጠማኝ ብሎ ለማመልከት እጅ የለም። ዝንብ ፊት ላይ ቢያርፍ ማባረሪያ የለም። በዙሪያዋ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ፣ ማንም ተሰብስቦ ሳይወስን፣ በአንድ ነገር ተስማምቷል፦ የማይናገር አይሰማም፤ የማይሰማም አያስብም። የማይናገር ሰው ፊት ደግሞ ሰው ያሻውን ይናገራል። ባለፈው ሕይወቷ በሠራችው ኃጢአት ነው እንዲህ የሆነችው ይባላል። ብትሞት ለእሷም ለቤቱም እረፍት ነበር ይባላል። ይህ ሁሉ በሹክሹክታ ሳይሆን በሙሉ ድምፅ፣ አጠገቧ ቆመው ነው። ከልብ የሚወዷትና የሚንከባከቧት አያቷ ነበሩ፤ እሳቸው ሲሞቱ ያ ጥላ ተነሣ። ልጅቷ በሚያዩዋት ሰዎች መካከል ሳትታይ፣ ሁሉን እየሰማች ቀረች።

አባቷ ለእህቷ ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ጃማክን ያስተማራት ሰው የለም። ለሌላ ሰው የተነገረውን ነው ከዳር ሆና የለቀመችው። የእኛ ፊደል ሀ ብሎ እንደሚጀምር የኔፓልኛ ተነባቢም ከ ብሎ ይጀምራል። ቅርጹ ቀላል አይደለም። ከላይ አግድም መስመር አለ፤ ከመስመሩ ቋሚ ይንጠለጠላል፤ ከቋሚው በግራ ክብ ሆድ፣ በቀኝ የተጠማዘዘ ጅራት ይወጣል። በእጁ የሚጽፍ ሕፃን እንኳ ቀናት የሚፈጅበት ነው። እሷ ይህን በእግሯ ጣት አፈር ላይ እየጻፈች፣ እየጠፋ፣ እንደገና እየጻፈች ተማረች። ትምህርት ቤት የሚባል ደጃፍ ረግጣ አታውቅም። ከቤተሰቧ ያገኘችውም ሙገሳ ሳይሆን ተግሣጽ ነበር።

ተግሣጹ የክፋት ብቻ አይመስለኝም፤ እዚህ ላይ ለወላጆቿ ልከራከርላቸው ይገባል። በሂንዱ ልማድ እግር ከሰውነት ሁሉ የተናቀ ክፍል ነው፤ ፊደልና መጽሐፍ ደግሞ የዕውቀት አምላክ የሆነችው የሳራስዋቲ ናቸው። ሰው በስሕተት መጽሐፍ በእግሩ ቢነካ ጎንበስ ብሎ በእጁ ይዳስሰውና እጁን ወደ ግንባሩ ወስዶ ይቅርታ ይጠይቃል። ጥር መጨረሻ ወይም የካቲት አካባቢ በሚውለው የሳራስዋቲ በዓል ሕፃናት የመጀመሪያ ፊደላቸውን ይጽፋሉ፤ ካትማንዱ ውስጥ ስዋያምቡ ኮረብታ ላይ ያለው መቅደስ ግድግዳ በዚያ ቀን በልጆች ጽሕፈት ይዥጎረጎራል። እኛም ብንሆን ዳዊት ወድቆ ብናገኝ ስመን እናነሣዋለን እንጂ በእግራችን አናስጠጋውም። እንግዲህ የጃማክ ቤት ሰዎች ያዩት ተአምር ሳይሆን ድፍረት ነበር። ልጅቷ ቅዱሱን ነገር በተናቀው አካሏ ነካችው። ሌላ አካል እንዳልነበራት ለማስረዳት ደግሞ መጀመሪያ መጻፍ ነበረባት።

በነገራችን ላይ፣ በእኛ አገር የቤተ ክህነት ትምህርት ውስጥ ዓይነ ስውር መምህራን ቦታ ያገኙት ዕውቀቱ በጆሮና በአፍ የሚሄድ ስለነበረ ነው። ቅኔው በቃል ይዘረፋል፣ ዜማው በቃል ይዜማል፤ ዓይን ቢጠፋ ጉባኤው አይፈርስም። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ሚልተንም ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ግጥሙን እየተናገረ ሌሎች ይጽፉለት ነበር። አንደበት የሌለው ሰው ግን በቃል ትምህርት ጉባኤ ውስጥ ከዳር ተቀምጦ ከመስማት በቀር ምን ይሆናል? ጃማክ ተናግራ የምታስጽፈው ጸሐፊ ሊኖራት አይችልም። ያሳተመችው ቃል ሁሉ አንድ በአንድ በዚያች እግር ያለፈ ነው። ለዚህ ነው ጽሕፈትን በእሷ ዘንድ «ተሰጥኦ» ማለት የሚከብደኝ። ተሰጥኦው በኋላ የመጣ ነው። መጀመሪያ የመጣው ንግግር ነበር፤ ሌላው ሰው በሁለት ዓመቱ የሚጀምረው ተራ ንግግር።

እንዲህ ዘግይቶ የተፈታ አንደበት መጀመሪያ ምን ይናገራል? ለዓመታት የሰማውን ይመልሳል። የጃማክ ግለ ታሪክ ከሞላ ጎደል መልስ ነው። ፊቷ ቆመው «ይህች ምን ታውቃለች» ያሉ ሰዎች ሁሉ፣ ታውቅ እንደነበረ ከብዙ ዓመት በኋላ በታተመ መጽሐፍ ተነገራቸው። ወላጆቿም ጭምር። ቤተሰቧን አታባብልም፣ ጎረቤቱን አታባብልም፣ የካርማን፣ ማለትም ያለፈ ሕይወት ኃጢአት በዚህኛው ይከፈላል የሚለውን፣ አስተምህሮ አታባብልም። የሴት ልጅን አነስተኛነት እንደ እግዜር ትእዛዝ የሚሰብከውን ኅብረተሰብ ትወርድበታለች። ስታነቡት ርኅራኄ አይመጣባችሁም፤ የሚመጣው አንድ ነገር ሲሠራ ተይዞ የተገኘ ሰው ዓይነት ስሜት ነው። እኔ ቢያንስ እንደዚያ ተሰምቶኛል። የምናገረውን ሁሉ ስትሰማ የኖረች ሰው ድንገት ስሜን ጠርታ ዘወር እንድል ያደረገችኝ ያህል።

ርዕሱን ልብ በሉልኝ። በኔፓልኛ «ጂዋን ካንዳ ኪ ፉል» ይባላል። ጂዋን ሕይወት ነው፣ ካንዳ እሾህ፣ ፉል አበባ (የቁርሱን ፉል ለጊዜው እርሱት)። ከመሐል ያለችው «ኪ» የእኛዋ «ወይስ» ናት። ሕይወት እሾህ ወይስ አበባ? ጥያቄ ነው፤ መልሱን አልሰጠችም። እንግሊዝኛው ትርጉም ሲወጣ ግን ርዕሱ «በእሾህ መካከል ያለች አበባ» ወደሚል ተለወጠ። መኃልየ መኃልይን ላነበበ ጆሮ ደስ ይላል፤ «በእሾህ መካከል እንዳለ የሱፍ አበባ» ይላልና መጽሐፉ። የሆነውን ግን አያችሁ? ጥያቄው ጠፋ፣ መልሱ በምትኩ ተቀመጠ። ዓለም እሾህ፣ እሷ አበባ። አንባቢው ገጹን ሳይገልጥ እንባውን ጠረገ። የቴሌግራሙ ቪዲዮ የሠራውን ስሕተት አንድ አሳታሚ ቀደም ብሎ በሽፋን ላይ ሠርቶት ነበር ማለት ነው።

የውጭ አገር ሰዎች ስለ እሷ ሲጽፉ አየርላንዳዊውን ደራሲ ክሪስቲ ብራውንን ማንሣት ይወዳሉ። ሁለቱም ሴሬብራል ፓልሲ፣ ሁለቱም ግራ እግር። መመሳሰሉ እዚያው ያበቃል። ብራውን ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥበት «ልጄ ያስተውላል» ብላ የጸናች እናት ነበረችው፤ ፊደልም ያስቆጠረችው እሷው ናት። ጃማክ ያላት ለእህቷ ከተሰጠው ትምህርት የተረፈው ፍርፋሪ ነው። በእግር ስለጻፉ ብቻ ሁለት ደራስያንን አንድ መደብ ውስጥ መክተት በእጃቸው ስለጻፉ ሐዲስ ዓለማየሁንና ቶልስቶይን እንደ ማመሳሰል ነው።

ከእሷ ጎን ሌላ ሰው ማስቀመጥ ካስፈለገ እዚያው አገሯ ውስጥ አለች። በብዕር ስሟ ፓሪጃት የምትባለው ቢሽኑ ኩማሪ ዋይባ እ.ኤ.አ. በ1937 ዳርጂሊንግ ተወልዳ፣ በ1950ዎቹ አጋማሽ ወደ ካትማንዱ መጥታ፣ እስከ ሞተችበት እስከ 1993 እዚያ ኖራለች። ከወጣትነቷ ጀምሮ አካሏ እየሰለለ ሄዶ አብዛኛውን የጉልምስና ዘመኗን ቤት ውስጥ ነው ያሳለፈችው፤ እህቷ ነበረች የምትንከባከባት። ያን ቤት ግን ደራስያንና የፖለቲካ ሰዎች ይመላለሱበት ነበር። «የሽሪሽ አበባ» የተሰኘው ልብ ወለዷ ማዳን ፑራስካር የሚባለውን ሽልማት አገኘ፤ ሽልማቱን ለመውሰድ የመጀመሪያዋ ሴትም እሷ ሆነች። በኔፓል አቆጣጠር የ2022 ሽልማት ነበር። የጃማክ መጽሐፍ ያንኑ ሽልማት ሲወስድ የ2067 ሆኗል። (ኔፓላውያን ከፈረንጆቹ ወደ 57 ዓመት ቀድመው ነው የሚቆጥሩት። ከሌላው ዓለም በሰባትና በስምንት ዓመት ወደኋላ ቀርተን ለምንኖረው ለእኛ ይህ ሊያስገርመን አይገባም።) በሁለቱ መካከል 45 ዓመት አለ። ሁለቱም ሴቶች፣ ሁለቱም አካል ጉዳተኞች፣ በሁለቱም ርዕስ ውስጥ «ፉል» የምትለው ቃል አለች።

የፓሪጃት መጽሐፍ ሲወጣ ሰው የተጨቃጨቀው ስለ መጽሐፉ ነበር። ዋናው ገጸ ባሕርይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በርማ ግንባር የዋለ፣ ውስጡ ያለቀ ወታደር ነው፤ የሚወዳት ሴት ሲጋራ የምታጨስ፣ ለማንም የማትበገር። ሕይወት ትርጉም አለው ወይስ የለውም የሚለውን ጥያቄ ኔፓልኛ ከዚያ በፊት በዚያ ድፍረት ጠይቆት አያውቅም ይባላል። በእርግጥ የልብ ወለዱን ጨለማ ከሕመሟ ጋር የሚያያይዙ አልጠፉም፤ ይህም ራሱን የቻለ ንቀት ነው። ጤነኛ ወንድ ተስፋ ቢስ ልብ ወለድ ሲጽፍ ፈላስፋ ይባላል፤ በሽተኛ ሴት ስትጽፈው ምልክቱ ለሐኪም ይነገራል። ቢሆንም ፓሪጃትን አንብበዋት ነው የተሳሳቱት። ጃማክን ግን ሳያነቡ ያደንቋታል። ለአንድ ደራሲ ከሁለቱ የትኛው እንደሚከፋ ብትጠይቁኝ ለመመለስ አላመነታም።

የሽልማቱ ነገር ሌላም ምፀት አለው። ማዳን ፑራስካር የራና መሳፍንት ወገን የሆኑት ጃጋዳምባ ኩማሪ ዴቪ ለሟቹ ባለቤታቸው ለጄኔራል ማዳን ሹምሸር መታሰቢያ በ1950ዎቹ ያቆሙት ነው። የራና ቤት ደግሞ እስከ 1951 ድረስ ከመቶ ዓመት በላይ ኔፓልን ሲገዛ ትምህርት ወደ ተራው ሕዝብ እንዳይወርድ በሩን ጠብቆ የኖረ ቤት ነው። የዚያ ቤት ገንዘብ ዞሮ ዞሮ ትምህርት ቤት ላልገባች፣ አፈር ላይ በእግሯ ፊደል ለቆጠረች የዳንኩታ ልጅ ደረሰ። እዚህ ላይ ብስቅ አክስቶቼ አይቀየሙኝም ብዬ አስባለሁ።

ግለ ታሪኩ ብቻውን አልመጣም። ከዚያ በፊት የግጥም መጻሕፍት አሳትማለች፤ በአገሪቱ በብዛት ከሚነበቡት ዕለታዊ ጋዜጦች አንዱ በሆነው ካንቲፑር ላይም በዓምደኛነት ጽፋለች። ዓምደኛ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እኔ ትንሽ አውቃለሁ፦ ቀን ተቆርጦ ይጠበቃል፣ አርታኢው ይነዘንዛል፣ ስሜት ኖረ አልኖረ ገጹ መሞላት አለበት። አንዴ ታይቶ የሚያበቃ ተአምር ሳይሆን ሥራ ነው። እግር ይደክማል፣ ጣት ይቆስላል፣ ጽሑፉ ግን ይደርሳል። እኔን ከቪዲዮው ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህኛው ነው፤ ምናልባትም የራሴን ጽሑፍ በሰዓቱ አድርሼ ስለማላውቅ ይሆናል።

ለአክስቶቼ አንድ ነገር ልተውላቸው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ልጅ ያላት፣ «አያስተውልም» እየተባለች ቤቷ የተቀመጠች አንዲት እናት ያንን ቪዲዮ አይታ በማግስቱ ለልጇ ፊደል ማሳየት ብትጀምር፣ እኔ ከምጽፈው ነገር ሁሉ ቪዲዮው ይበልጣል። ለዚያች እናት የጃማክ እግር ዜና ነው። እኔ የምቃወመው ለቀረነው ሰዎች፣ ሁለት እጅ ይዘን ለተቀመጥነው፣ ያ እግር የራሳችንን ጤንነት መለኪያ ሲሆንልን ነው። የእሷን ጉድለት አይተን የእኛን ሙላት እንቆጥራለን። ከሰዓታት ልፋት በኋላ አንዲት ሴት ገጽ ሙሉ ጽሑፍ ዘርግታ ስታሳየን እኛ ጣቷን እንቆጥራለን።

መንግሥታትም ከዚህ ብዙም አይርቁም። ኔፓል የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው፤ ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት አጽድቃዋለች። ኔፓል በ2017 ራሱን የቻለ ሕግም አውጥታለች። እዚያ አካል ጉዳተኛ እንደ ጉዳቱ መጠን ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ ወይም ነጭ መታወቂያ ይሰጠዋል፤ ቀዩ እጅግ ለከበደው ነው። እግር ኳስ የሚያይ ሰው ቀይ ካርድ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ቀለሙን የመረጠው ሰው ኳስ አያይም ነበር ብለን በቅንነት እንለፈው። ካርዱ ለሰውየው ምን ያህል ድጋፍ እንደሚገባው ለመለየት ይጠቅማል። ጓሮ ተቀምጣ የምትሰማ ልጅ የምትሰማውን ነገር ግን አይለውጠውም።

ልጅ ሳለሁ በሰፈራችን አንድ ግቢ ውስጥ፣ ከማድ ቤቱ ጎን ባለች ክፍል የምትኖር ልጅ ነበረች። እንግዳ ሲመጣ በሩ ገርበብ ይላል። እኛ ከአጥሩ ወዲህ ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት አልፎ አልፎ ድምጿ ይሰማል፤ ቃል ያልሆነ፣ ረዘም ያለ ድምፅ። እንስቅ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ድምፁን አስመስሎ ይመልስላታል፤ እንደገና እንስቃለን። ስለ እሷ ትልልቆቹ ሲያወሩ የሰማነውንም ጮክ ብለን እንደግመዋለን፤ እናቷ የረገጠችው ነገር አለ፣ የአያቶቿ ግፍ ነው፣ ምን የመሳሰለውን ሁሉ። ስሟን አላውቀውም ነበር፤ ዛሬም አላውቀውም። እሷ የሁላችንንም ስም ሳታውቅ አትቀርም። በየምሽቱ እናቶቻችን በየበሩ ቆመው እየጮኹ ይጠሩን ነበርና።

የጃማክን መጽሐፍ ሳነብ ደጋግማ የመጣችብኝ ያች ልጅ ናት። አማርኛ ተርጓሚዎቻችን ከሩሲያም ከአሜሪካም ብዙ አምጥተውልናል፤ ከኔፓል አንድ መጽሐፍ ቢያመጡ አይጎዳንም። ስለ ካርማ የሚያትቱት አንቀጾች ይከብዷቸው ይሆናል፤ የዳንኩታን የዕፅዋት ስሞችም እንጃ። ርዕሱ ግን ለእኛ ቋንቋ ቀሎ የመጣ ነው፤ እንግሊዝኛው የጣላትን ትንሽ ቃል እኛ በደህና አለችን። የሚተረጉመው ሰው ሌላውን ሁሉ እንዳሻው ያድርግ፤ «ወይስ»ን ብቻ እንዳይነካብኝ።